ኖቬምበር 2017 ላይ የቀረው ቴሌቪዥን

ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ጠዋት። ጎንደር፣ ፒያሳ ያለችውን የጥገና ሱቄን ገና ከመክፈቴ ስልኬ ጮኸ። ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖሩት እማማ ናቸው።

«ደህና አደርክ ልጄ? ያ ጎማ ያለው ቴሌቪዥን አኩርፏል። አፕዴት አርጉኝ እያለ ሲነዘንዘኝ ሰንብቶ ዝም ስለው ጊዜ ዩቲዩቡን ዘጋብኝ። እባክህ መጥተህ አስታርቀን።»

ቴሌቪዥን አኩርፎ አያውቅም። ግን አቤቱታቸው ውስጥ አንድ ፍሬ ነገር ነበረ፦ መጀመሪያ የአፕዴት ማሳሰቢያ መጣ፣ ከዚያ ዩቲዩብ ጠፋ። ሁለቱ ነገር ተከታትሎ ስለመጣ አንዱ ሌላውን ያመጣ መሰላቸው። እኔም ብሆን በተሳሳተ ሐሳብ አርባ ደቂቃ ባክኜ ነበር፤ ጉዳዩን እንዲህ በዝርዝር መጻፌም ስለዚሁ ነው።

ዕቃው

እንዲህ ዓይነቱ ቴሌቪዥን ጎንደር ውስጥ ብዙ አይታይም። ስክሪኑ 27 ኢንች ነው፣ በጣት ይነካል፣ ባለ አንድ እግር ማቆሚያ ላይ ተሰቅሏል፤ ከታች ትናንሽ ጎማዎች አሉት፣ ውስጡ ደግሞ ባትሪ። ባትሪው ሲሞላ ሦስት ሰዓት ያህል ያለ መብራት ይሠራል። ዋሽንግተን ያለው ልጃቸው ገዝቶ ለፋሲካ ከመጣ ዘመድ ጋር የላከላቸው ነው። የኩባንያውን ስም መጥራት አያስፈልግም፣ ለጉዳዩ የሚጨምረው ነገር የለም።

እማማ እንደ ጋሪ ይገፉታል። ጠዋት ማድ ቤት በር ላይ ከጀበናው አጠገብ፣ ከሰዓት ሳሎን፣ ማታ አልጋቸው ዳር። ስብከትና መዝሙር በዩቲዩብ ይሰማሉ፤ ዜና ሲፈልጉ የዲሹን ሪሲቨር በኤችዲኤምአይ ገመድ ይሰኩለታል። ቤቱ የድሮ የድንጋይ ቤት ነው፣ ግድግዳው ክንድ ሙሉ ይወፍራል። ራውተሩ ሳሎን ነው ያለው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከእኔ በፊት የተሞከረው

ቤቱ ስደርስ ሦስት ምርመራ ተደርጎ ሦስት ፍርድ ተሰጥቶ ነበር። የልጅ ልጃቸው፣ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ቀልጣፋ ልጅ፣ «ፓኬጅ አልቆ ነው» ብላ ሁለት ጊዜ አስሞልታለች። የጎረቤት ተማሪ መጥቶ «ሪሴት ይደረግ፣ ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ ይነሳ» ብሏል፤ እማማ «ልጄ የሞላልኝን ሁሉ ሊያጠፋብኝ?» ብለው አልፈቀዱም። ሦስተኛው ፍርድ የራሳቸው የእማማ ነው፤ ማሳሰቢያው በመጣ ቁጥር ያቺው ተማሪ ቤት ያለች ልጅ «ፓኬጅ ይበላል» ስላለቻቸው «በኋላ» የሚለውን ሲጫኑ ከርመዋል፣ አሁን ቅጣቱን እየተቀበሉ ነው።

ስለ ሪሴቱ አንድ ነገር ልበል። በዚህ ጉዳይ ምናልባት ይሠራ ነበር፤ ምክንያቱን ኋላ ታዩታላችሁ። ያም ሆኖ ባይደረግ ጥሩ ሆነ። ሪሴት አካውንቱን፣ የተጫኑትን መተግበሪያዎችና ሴቲንጉን ይጠርጋል እንጂ አዲስ ሶፍትዌር አያመጣም። ከተጠረገ በኋላ ደግሞ ገና ከመነሻው አካውንት ይጠይቃል። አካውንቱ የልጃቸው ነው፣ የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚሄደው ዋሽንግተን ወዳለው ስልኩ ነው፣ እዚያ ደግሞ በዚያ ሰዓት ሌሊት ነው።

ምርመራው

ነገሩን ከቀላሉ ጀመርኩ። ስልኬን ከቤቱ ዋይፋይ ጋር አገናኝቼ ዩቲዩብ ከፈትኩ፤ ተከፈተ። ኢንተርኔት አለ ማለት ነው። ቴሌቪዥኑም «ተገናኝቷል» ይላል፣ ግን ዩቲዩብ አይከፍትም፣ የመተግበሪያ መደብሩም ነጭ ሆኖ ይቀራል። አዲስ ሶፍትዌር እንዳለ ፈልግ ሲባል ትንሽ ያስብና «ከአገልጋዩ ጋር መገናኘት አልተቻለም» ይላል፤ አገልጋይ የሚለው አፕዴቱ የሚመጣበትን የሩቅ ኮምፒውተር ነው። ሪሲቨሩን ስሰካለት ግን ምስሉም ድምፁም ንጹሕ ነው። ስክሪኑ ደህና፣ ድምፁ ደህና።

የስልኬን ሆትስፖት ሰጠሁት። ያው ነው። ስለዚህ ራውተሩም አይደለም።

እዚህ ላይ ተሳሳትኩ። ዕቃው ከአሜሪካ የመጣ ስለሆነ «ለዚያ አገር ገበያ የተሠራ ነው፣ እዚህ ሲሆን ይዘጉበታል» የሚል ሐሳብ ያዘኝና አርባ ደቂቃ የአገር ምርጫ ውስጥ ስዳክር ቆየሁ። ለሦስት ወር እዚሁ ሲሠራ እንደነበረ እያወቅኩ ነው ይህን የማደርገው። ባለሙያ ሲሳሳት ደግሞ በልበ ሙሉነት ነው የሚሳሳተው።

በመጨረሻ በቴሌቪዥኑ ማሰሻ (ብራውዘር) አንድ ድረ ገጽ ለመክፈት ሞከርኩ። ማሰሻው ከመተግበሪያዎቹ የበለጠ ተናጋሪ ነው። የገጹ የደኅንነት ምስክር ወረቀት ገና ጊዜው አልደረሰም የሚል ማስጠንቀቂያ አወጣ። ጊዜው አልፎበታል ሳይሆን ገና አልደረሰም። ይቺን ቃል ሳነብ ነው ዓይኔ ወደ ስክሪኑ ጥግ የሄደው።

ሰዓቱ 4:05 ይላል። የእጄን ሰዓት አየሁ፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአምስት። ከገባሁ ጀምሮ ያንን ሰዓት ስንቴ አይቼዋለሁ፤ ትክክል ስለሆነ አለፍኩት። ለእኔ ትክክል ነው። ለቴሌቪዥኑ ግን ያ ሰዓት 10:05 መሆን ነበረበት።

ቀኑን ከፈትኩ። 2017፣ ወር 11፣ ቀን 12።

ይህም ትክክል ነው፤ ሐምሌ አሥራ አንደኛው ወር፣ ቀኑ 12፣ ሚካኤል፣ ዓመቱ 2017። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቤተ ክርስቲያን ካላንደርም ይኸንኑ ይላል። ቴሌቪዥኑ ግን ጎርጎርዮሳዊ ነው። ለእሱ ይህ ቀን ኖቬምበር 12 ቀን 2017 ነው፣ በእኛ ሲቆጠር ኅዳር 3 ቀን 2010። በዓለም ሁሉ ጁላይ 19 ቀን 2025 በሆነበት ጠዋት፣ ይህ ዕቃ ወደ ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሄዶ እማማ ቤት ተቀምጧል።

«ማነው ቀኑን የቀየረው?» አልኩ።

ልጅቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «እኔ ነኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴሌቪዥኑ ሰዓቱን ከኢንተርኔት በራሱ ይሞላ ነበር፣ ማለትም በፈረንጅ አቆጣጠር። እማማ ማለዳ ሁለት ሰዓት ላይ ዓይናቸውን ሲጥሉ 8:00 ያያሉ። «ይህ ዕቃ ሰዓት አያውቅም» እያሉ ሰነበቱ። ሐምሌ 5፣ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት፣ የሰኔ ጾም ተፈትቶ ቤት ሙሉ እንግዳ በነበረበት ቀን፣ አንዱ እንግዳ ሰዓቱን አይቶ ተደናግሮ ሊሄድ ተነሣ። ያኔ ልጅቱ አያቷን ደስ ላሰኝ ብላ «ራስ ሰር» የሚለውን አጥፍታ፣ ቀንና ሰዓቱን በእጇ አስተካከለች። በደንብ ነው ያስተካከለችው፣ አንድ ደቂቃ እንኳ አልተሳሳተችም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዩቲዩብ የለም።

ለምን ቀን እንዲህ ይገዛዋል

ለእማማ የነገርኳቸውን ምሳሌ ልድገመው። ቴሌቪዥኑ ዩቲዩብንም ሆነ አፕዴት የሚያወርድበትን አገልጋይ ከማነጋገሩ በፊት መታወቂያ ይጠይቃል። መታወቂያው ላይ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የጸና» የሚል አለ። አሁን አንድ የበር ጥበቃ አስቡ፣ በእኛ አቆጣጠር ዘመኑ 2010 ነው ብሎ የሚያምን። 2017 የወጣ መታወቂያ ስታሳዩት «ይህ ገና ያልተሰጠ ወረቀት ነው፣ ሐሰተኛ ነህ» ብሎ ይመልሳችኋል። ጥበቃው ሥራውን በትክክል ሠርቷል። የተሳሳተው ዘመኑን ነው።

በፊት በፊት እነዚህ ምስክር ወረቀቶች ለዓመታት የሚጸኑ ስለነበሩ ጥቂት ወራት የተዛነፈ ሰዓት ብዙ ላያስታውቅ ይችል ነበር። ከሴፕቴምበር 2020 ወዲህ ግን አንድ ድረ ገጽ የሚሰጠው ምስክር ወረቀት ከ398 ቀን በላይ እንዳይጸና ተደርጓል፣ ብዙዎቹ እንዲያውም 90 ቀን ብቻ ነው የሚቆዩት። ኖቬምበር 2017 ላይ ለቆመ ዕቃ ስለዚህ ዛሬ ከሚሠሩት መታወቂያዎች አንዱም የተወለደ አይደለም። አልፎ አልፎ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ይከሰታል፦ በሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 ብዙ ድረ ገጾች የተደገፉበት አንድ የቆየ የመሠረት ምስክር ወረቀት ጊዜው ሲያልፍ፣ ሶፍትዌራቸው ያልታደሰ የቆዩ ስልኮችና ቴሌቪዥኖች ቀናቸው ልክ ሆኖ ሳለ ኢንተርኔት ተዘጋባቸው። ያ ሲሆን የሚያድነው አፕዴቱን በፍላሽ አምጥቶ መጫን ነው። የእማማ ግን የቀን ጉዳይ ብቻ ነበር።

ራስ ሰር የሚለውን መልሼ አበራሁት፤ ሪሴቱም ይሠራ ነበር ያልኩት ይህንኑ መልሶ ሊያበራው ስለሚችል ነው። ሰዓቱ 10:22 ሆነ። ዩቲዩብን ነካሁት፣ ተከፈተ። እማማ እልል አሉ፤ ልጅቱ ግን እያየችኝ ነው፣ ሊያስቆጣኝ የሚችል ነገር እንዳለ። ምንም የለም። አርባ ደቂቃ ያንኑ ሰዓት እያየሁ ያለፍኩት እኔ ነኝ።

ወዲያው ማሳሰቢያው ብቅ አለ፦ አዲስ ሶፍትዌር ተገኝቷል፣ አሁን ይጫን?

ያልተጫንኩት ቁልፍ

እጄ ሄዶ ነበር። የነካሁት «በኋላ» የሚለውን ነው፤ ይህን ጊዜ ግን በምክንያት።

የመጀመሪያው ምክንያት ስክሪኑ ላይ ነበር። ቻርጀሩ ተሰክቷል፣ ባትሪው ግን 31 በመቶ። እማማ «ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ነው ያደረው» አሉ። ወደ ሶኬቱ ጎንበስ አልኩ። ቻርጀሩ ሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው የአሜሪካ ነው፤ ከእኛ ክብ ቀዳዳ ጋር ያስማማው ርካሽ መቀየሪያ ላልቷል። ሲነካ ይበራል፣ ሲለቀቅ ይጠፋል። ቻርጀሩ ራሱ ችግር የለበትም፤ ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል፣ ስለዚህ የእኛን 220 ይችላል። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ላይ ይህችን ጽሑፍ ሳያነቡ መሰካት ስንቱን እንዳቃጠለ ሱቄ ውስጥ ያለው ክምር ይመሰክራል። መቀየሪያውን ከሱቅ በመጣ ጠንካራ ለወጥኩት።

ባትሪ የሌለው ቴሌቪዥን አፕዴት ላይ እያለ መብራት ቢሄድ ምን እንደሚሆን በሥራዬ አይቻለሁ፦ የኩባንያው ምልክት ላይ ተገትሮ የሚቀር። አፕዴት ሲጫን አዲሱ ሶፍትዌር በማኅደረ ትውስታው ላይ ይጻፋል፤ መሃል ላይ ከተቋረጠ አሮጌውም አዲሱም ያልሆነ ነገር ይቀራል። አዳዲሶቹ ዕቃዎች ለዚህ መላ አላቸው፤ ሁለት ክፍል ይዘው አዲሱን በባዶው ላይ ይጽፉና ሲያበቃ ብቻ ይሻገራሉ፣ ካልተሳካ ወደ ድሮው ይመለሳሉ። የእማማን ዕቃ ግን ይህ እንደሌለው አድርጌ መያዝን መረጥኩ።

ሐምሌ ነው ደግሞ። ጎንደር በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ምን እንደምትመስል ለጎንደሬ መንገር አያስፈልግም፤ ሰማዩ ያጉረመርማል፣ ከዚያ መብራቱ ይሄዳል። ስለዚህ ማለዳ መሥራት ይሻላል። ችግሩ አካውንቱ ነው። አፕዴት ሲጨርስ እንደገና ግባ ብሎ ከጠየቀ የማረጋገጫ ቁጥሩን የሚነግረን ልጃቸው ነው። ዋሽንግተን በዚህ ወቅት ከእኛ ሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ስንል እሱ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። እኛ ከቀኑ አሥር ሰዓት ስንል ግን እሱ ጋ ጠዋት ሦስት ይሆናል። ማለዳን ብመርጥ ዝናቡን አመልጣለሁ፣ ልጁን አጣለሁ፤ አሥር ሰዓትን ብመርጥ ልጁን አገኛለሁ፣ ዝናቡ ያገኘኛል።

አሥር ሰዓትን መረጥኩ። ለዝናቡ ባትሪ አለን፤ ለእንቅልፍ ግን መድኃኒት የለኝም። እሁድ፣ ሐምሌ 13፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተባባልን።

እስከ እሁድ የተደረገው

አብዛኛው ሥራ የተሠራው በስልኬ ካሜራ ነው። የሞዴሉን ቁጥር ከጀርባው፣ የአሁኑን የሶፍትዌር ቁጥር ከ«ስለዚህ መሣሪያ» ገጽ፣ የምስልና የድምፅ ሴቲንጉን፣ የተጫኑትን መተግበሪያዎች ዝርዝር አነሳኋቸው። አፕዴት ሴቲንግን አያጠፋም ይባላል። አብዛኛውን ጊዜም አያጠፋም። ፎቶ ግን ዋጋ አይጠይቅም፤ እማማ ደግሞ ድምፁ ትንሽ ቢቀየር ወዲያው የሚያውቁ ሰው ናቸው።

ባዶ ቦታ 600 ሜጋባይት ነበር የቀረው። አፕዴቱ 1.3 ጊጋባይት እንደሆነ ማሳሰቢያው ይናገራል። ከዕቃው ጋር የመጡ፣ ማንም ያልከፈታቸው ጨዋታዎች ነበሩ፤ የእማማን ፈቃድ ጠይቄ አራቱን አጠፋሁ። «መኪና የሚያሽከረክረው ይሂድ፣ እኔ አልነዳም» አሉ። ቦታው ወደ 2 ጊጋባይት ደረሰ።

ከኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ለዚያው የሞዴል ቁጥር የወጣውን ፋይል አውርጄ በፍላሽ ያዝኩ። ኢንተርኔቱ እምቢ ቢል ለመጠባበቂያ ነው። ፍላሹ ፋት 32 በሚባለው ዓይነት ፎርማት የተደረገ መሆን አለበት፣ አብዛኛው ቴሌቪዥን ሌላ ዓይነት ላያነብ ይችላል። የሞዴሉ ቁጥር አንዲት ፊደል እንኳ ከተለየች መተው ነው፤ ለአሜሪካ የተሠራውን በአውሮፓ ፋይል መሞከር ዕቃውን ሊገድለው ይችላል። እሱ ፍላሽ ኋላ ሳይነካ ኪሴ ቀረ፣ እሰየው።

የዋይፋዩ ጉዳይ ደግሞ ጎማው ፈታው። እማማ ማድ ቤት በር ላይ ሲያዩ ሲግናሉ ሁለት የድንጋይ ግድግዳ አልፎ ነው የሚመጣው፤ ይህ ዕቃ ደግሞ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ የለውም። ሌላ ቴሌቪዥን ቢሆን ገመድ እየጎተትን እንገባ ነበር። ይህን ግን ገፍቶ ራውተሩ ጎን ማቆም ነው። ለመጠባበቂያ ስልኬ ላይ 3 ጊጋባይት ፓኬጅ ሞላሁ። ለልጁ ደወልኩለት። «ወንድሜ፣ ነገ ጠዋት ስልክህን አጠገብህ አድርግ» አልኩት። «ቤተ ክርስቲያን ነኝ ግን አነሳለሁ» አለኝ።

ልጅቱን ደግሞ አንድ ነገር አስማልኳት፦ ስክሪኑ ቢጠቁር እጇን እንዳታነሳ።

እሁድ

ስደርስ ባትሪው መቶ በመቶ፣ ቻርጀሩ በአዲሱ መቀየሪያ ተሰክቶ፣ ቴሌቪዥኑ ራውተሩ ጎን ቆሟል። የሪሲቨሩን ገመድ ነቀልኩ። ሰማዩ ከአዘዞ በኩል ጠቁሯል። አሥር ሰዓት ከአምስት ላይ «አሁን ይጫን» የሚለውን ነካሁ። እማማ አማተቡ።

ቁጥሩ ደህና ይሄድ ነበር። 58 በመቶ ላይ ሲደርስ ነጎደ፤ መብራቱ ሄደ።

እዚህ ላይ ይህ ዓይነት ቴሌቪዥን ለእኛ አገር የተሠራ ይመስላል። ስክሪኑ አልጠፋም፤ ጥግ ላይ ያለችው የባትሪ ምልክት ብቻ ተቀየረች። የጠፋው ራውተሩ ነው። ሰው ባትሪ አለኝ ብሎ ሲተማመን የሚረሳው ይህንን ነው፦ ዕቃህ ቢኖርም የሚያጠጣው ምንጭ ከመብራት ጋር ሄዷል። ማውረዱ ቆመ።

የስልኬን ሆትስፖት አብርቼ አገናኘሁት። ከ58 ይቀጥላል ብዬ ነበር፤ ከዜሮ ጀመረ። አንዳንዱ ካቆመበት ያነሳል፣ ይህ ግን አላነሳም። ስለዚህ 3 ጊጋ መሙላቴ ትርፍ አልሆነም። ኔትወርኩ በሴኮንድ 5 ሜጋቢት አካባቢ ነበር፣ በዚህ ፍጥነት 1.3 ጊጋባይት ሠላሳ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ፈጀም። በዚህ መሃል አቦል ወረደ። ከሰል መብራት አይጠይቅም።

ማውረዱ ሲያልቅ ወደ መጫን ተሻገረ። ከዚህ በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልግም፣ የሚያስፈልገው ኃይል ብቻ ነው። ባትሪው 79 በመቶ። ስክሪኑ እንዳይጠፋ ያስጠነቅቃል። አንዲት ቀጭን መስመር ቀስ እያለች ሞላች፣ ከዚያ ድንገት ስክሪኑ ጠቆረ።

ዝናቡ ጣሪያውን ይመታል። ሳሎኑ ጨለማ ነው፣ ያለው ብርሃን የከሰሉ ብቻ። እማማ ስኒውን እንደያዙ፣ «ሞተ እንዴ?»

«አልሞተም። እንደገና እየተነሳ ነው።»

ልጅቱ ሁለት እጇን ጉያዋ ውስጥ ከታ ቁጭ ብላለች፣ መሐላዋን አስባ። እኔ ራሴ ሰዓቴን እያየሁ ነበር። አንድ ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ማጥፊያውን ይጫናል፤ ያየሁት አብዛኛው ብልሽት የደረሰው በዚህች ደቂቃ ነው፣ በአፕዴቱ ሳይሆን በትዕግሥት ማጣት። ምልክቱ ታየ፣ ጠፋ፣ እንደገና ታየ። ሁለት ጊዜ ተነሳ። መጫኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 12 ደቂቃ ፈጀ።

እንደፈራሁት አካውንቱን ጠየቀ። ልጃቸው በሁለተኛው ጥሪ አነሳና ቁጥሩን አነበበልን፤ ከጀርባው ቅዳሴ ይሰማል። የሶፍትዌሩ ቁጥር ከፎቶዬ ጋር ሲተያይ ተቀይሯል። ሴቲንጉ አልተነካም፣ ድምፁ ላይ ከነበረው አንድ ነገር በስተቀር፤ እሱንም እማማ ከእኔ ቀድመው ሰምተውት «ደረቀብኝ» አሉ፣ ከፎቶው አይቼ መለስኩት።

ሰዓቱ

ጉዳዩ አልቋል ብዬ ገመድ መጠቅለል ስጀምር እማማ ጥጉን ተመለከቱ። 5:20 ይላል።

«ይኸው፣ ደግሞ ተበላሸ። አሁን እኮ አሥራ አንድ ከሃያ ነው።»

በሳቸው ቤት፣ በሳቸው ቴሌቪዥን፣ የሳቸውን ሰዓት ማየት ቅንጦት አይደለም። «ይልመዱት» ብዬ ብሄድ ልጅቱ በሚቀጥለው በዓል መልሳ ትቀይረዋለች፣ እኔም መልሼ እመጣለሁ። ራስ ሰር የሚለውን ሳይነኩ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ማምጣት ያስፈልጋል።

የሰዓት ቀጠናውን ከፈትኩ። ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ሦስት ሰዓት ትቀድማለች። ስድስት ስንቀንስ ከመነሻው ሦስት ወደ ኋላ የሆነ ከተማ እንፈልጋለን። ዝርዝሩን ስወርድ ቦነስ አይረስን አገኘሁ። የአርጀንቲና ዋና ከተማ፣ ልክ ሦስት ወደ ኋላ፣ በበጋና በክረምት ሰዓቷን የማትለዋውጥ። መረጥኳት። ስክሪኑ 11:20 አለ።

ይህ ዘዴ የልጅቱን ችግር የማያመጣው ቴሌቪዥኑ መታወቂያ ሲመረምር የሚያየው መነሻውን ሰዓት እንጂ ስክሪኑ ላይ የሚጽፈውን ስላልሆነ ነው። ቀጠና የአለባበስ ጉዳይ ነው፤ ውስጡ አይለወጥም። የአገር ምርጫውን ግን አልነካሁትም፣ እሱ ሌላ ነገር ይጎትታል። ቀጠናውን ከአገሩ ጋር አጣብቆ የያዘ ዕቃም ስላለ፣ ሁሉም ላይ አይሠራም።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር አየሁ። አጠገቡ ኤኤም ይላል። አስላሁት፤ ከንጋቱ አሥራ ሁለት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ኤኤም ነው የሚሆነው፣ ከዚያ እስከ ንጋት ፒኤም። ለእማማ «ኤኤም ሲል ቀን፣ ፒኤም ሲል ሌሊት ነው» አልኳቸው። ቀኑም የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ሲነጋ ነው፤ እሳቸው ሁልጊዜ እንደሚሉት። ወሩና ዓመቱ ግን የፈረንጅ ይሆናል፣ ለእሱ ግድግዳው ላይ ካላንደር አለ።

«ቦነስ አይረስ የት ነው?» አሉ።

ልጅቱ በስልኳ ካርታ ከፍታ አሳየቻቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። «እዚያም እንደኛ ነው እንዴ የሚቆጥሩት?»

«አይ እማማ። እነሱ አሁን ገና እኩለ ቀን ሊደርሱ ነው።»

«ይሁን» አሉ፣ «ለኔ ጠቀሙኝ።»

መብራቱ አንድ ሰዓት ላይ መጣ፣ የራውተሩ መብራቶች አንድ በአንድ በሩ። በረካውን ጠጥቼ ስወጣ ልጅቱ እስከ በር ሸኘችኝ።

«አንድ ጥያቄ» አልኳት። «ወር 12ን አልፈሽ ጳጉሜን ስትደርሺ ምን ልታስገቢ ነበር?»

ቆማ አሰበች። «13 አይቀበልም እንዴ?»